እጅን መግታት፤ ሰንጠረዥና ትግል ለወጣቱ ስለሚያስተምሩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ጽሑፋችን ስለ ጨዋታ ልናወያያችሁ እንወዳለን። ይህን ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ፣ አንዳንዶቻችሁም «ቤተ ክርስቲያንና ጨዋታ ምን አገናኛቸው?» እንደምትሉ እናውቃለን። እኛ ግን ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ተጠይቀናል። ጠያቂያችን ፊደል ያስቆጠሩን መምሬ ነበሩ፤ የጠየቁንም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አጠገብ የአንድ ልጅ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። በዚያን ዕለት መልስ አልነበረንም። የዛሬው ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣው መልሳችን ነው።

ይህች ጽሑፍ ከራቤል ውጭ ወዳሉ አጥቢያዎችም ስለምትደርስ አስቀድመን ስለ አገራችን ጥቂት እንበል። ራቤል በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ ምድር የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። አገሩ የገብስና የበግ አገር ነው። የበጉ ጸጉር ይፈተላል፤ ዝተቱም በርኖሱም ከእርሱ ይሠራል። በጉን የሚጠብቀው ደግሞ ልጅ ነው። ገና ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላው ዱላውን ይዞ፣ ቆሎውን ቋጥሮ ከበጎቹ ኋላ ይሰማራል፤ ብርዱንም ጉሙንም ችሎ ይውላል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የዝናቡን አመጣጥ፣ የቀበሮውን መንገድ፣ የእያንዳንዱን በግ ጠባይ ያውቃል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ቢገባ ደርሶ መላሽ ነው፤ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ቢመጣም በልብሱ አፍሮ ከበር ይመለሳል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ በመጽሐፍ ፈንታ ወሬው ሁሉ የጠመንጃ ሆነበት። ከፍ ሲልም ወይ ወደ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ይሄዳል፤ ወይ በድንበርና በግጦሽ ጠብ መካከል ዱላውን ይዞ ይቆማል።

እኛ በዩኒቨርሲቲ የምንማር የዚህ አገር ልጆች ክረምት ሲመጣ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። በአንዱ ክረምት ከቅዳሴ በኋላ መዝሙር ስናስጠና እረኞቹ ከግቢው ውጭ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። ግቡ ስንላቸው አይገቡም፤ ሂዱ ብንላቸውም አይሄዱም። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ፣ «እነርሱን ግቡ ከምንል እኛ ለምን አንወጣም?» አለ። ወጣን።

ነገር ግን ባዶ እጅን ወጥቶ ስብከት መጀመር አይቻልም። ስለዚህ የብስኩት ካርቶን ቆርጠን በከሰል ስልሳ አራት ቤት አሰመርንበት። ከሻይ ቤቶች ሠላሳ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ለቅመን በላያቸው ወረቀት ለጠፍንባቸው። የአንደኛውን ወገን በቀይ፣ የሌላውን በጥቁር እስክሪብቶ ጽፈን ንጉሡን «ጉ»፣ ንግሥቲቱን «ግ»፣ ፈረሱን «ፈ» አልናቸው። ፊደል ያልቆጠሩት ልጆች ንጉሡን ከንግሥቲቱ ለመለየት ሲሉ «ግ»ንና «ጉ»ን ለዩ። ከዚያ ወዲያ «ጊ» የቱ ነው ብለው የጠየቁን ራሳቸው ናቸው። ልጆቹ ትግል እንደሚወዱ ስለምናውቅ ከካቡ ሥር የገብስ ገለባ ጎዘጎዝን። ከእኛም አንዱ በከተማ ቴኳንዶ የተማረ ስለነበረ፣ ሳይጎዱ መውደቅንና ሳይጎዱ መጣልን ሊያሳያቸው ጀመረ።

ወገኖቻችን ሆይ! ቼዝ ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣልን የሚመስለን ብዙዎች ነን። አይደለም። ሰንጠረዥ የአባቶቻችን ጨዋታ ነው። ከ1508 እስከ 1540 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጎበኝ ራሱ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደነበሩ አይቷል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዓት ለብቻው ጽፈውታል።

የጥንቱ ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ በአንዳንድ ሥርዓቱ ይለያል። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ተራ መጠባበቅ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ጦረኛ ከበላ በኋላ ነው። የባላጋራን ንጉሥ በግንብ ወይም በፈረስ መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፤ ታናናሾቹ እግረኞች ተባብረው ሲይዙት ግን ጨዋታው ይደነቃል። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስገረመን አንድ ሥርዓት አለ። ይኸውም ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። አባቶቻችን የተዋጋላቸውን ሁሉ ያጣን ሰው መጨረስ እንደ ድል አልቈጠሩትም። ይህን ሥርዓት እባካችሁ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጌታችንም በወንጌል ይህን የመሰለ ምሳሌ ሰጥቷል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ከቁጥር 31 ጀምሮ፣ ወደ ጦርነት የሚሄድ ንጉሥ በአሥር ሺህ ሰው ሃያ ሺህ ይዞ የሚመጣበትን መቋቋም ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ተቀምጦ እንደሚመክር፣ ባይችል ግን ሌላው ገና ሩቅ ሳለ መልእክተኛ ልኮ ዕርቅ እንደሚለምን ይነግረናል። በዚህ ምሳሌ ውስጥ «ተቀምጦ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ተቆጥቶ የተነሣ ሰው አይቈጥርም፤ የተቀመጠ ሰው ግን ይቈጥራል። የሰንጠረዥ ገበታም ልጁን ያስቀምጠዋል። «እኔ ይህን ብሠራ እርሱ ምን ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ ያስጠይቀዋል። ይህን ጥያቄ የለመደ ልጅ በግጦሽ ሜዳም፣ በገበያም፣ ጎልምሶም በትዳሩ ይጠይቀዋል ብለን ተስፋ አደረግን።

ስለ ትግሉም ቢሆን ሐሳባችን ይኸው ነበር። ጁዶን በ1882 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ የትምህርት ሰው ነበረ፤ የጁዶ ዓላማ ራስንና ባልንጀራን አብሮ ማሳደግ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ከ1883 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. የኖረው የአይኪዶ መሥራች ሞሪሄይ ኡዬሺባም የጥበቡ ከፍተኛ ደረጃ የሚያጠቃውን ሰው ሳይጎዱ ጥቃቱን ማብረድ ነው ይል ነበር። በእነዚህ ትምህርቶች ውስጥ ጀማሪው አስቀድሞ የሚለማመደው አወዳደቅን ነው። መውደቅ የማይፈራ ሰው በድንጋጤ አይመታምና። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 መጨረሻ ራሱን ከሯጭና ከቡጢ ተጋጣሚ ጋር አመሳስሎ፣ የሚጎስመውና የሚያስገዛው የገዛ ሥጋውን መሆኑን ይናገራል። እርሱ ትግሉን ከሌላው ሰው ወደ ራሱ መልሶታል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወላጆች የነበራቸውን ሥጋት አንደብቅም። እነዚህ ትምህርቶች ከባዕድ አገር ከሌላ እምነት ጋር መጥተው ይሆናል ብለው ሠግተው ነበር። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ እኛ የአካሉን ሥርዓት እንጂ የሌላ እምነት የሆነውን ነገር ላለመቀበል ተስማማን። መጎንበሱን ትተን ትግሉ ሲጀመርም ሲፈጸምም መጨባበጥን ሥርዓት አደረግን። ሥርዓት መስሎን ነበር፤ ለካ እጅ ብቻ ነበር የሚጨባበጠው።

እንግዲህ ወደዚያች እሑድ እንመለስ። የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ ውድድር አዘጋጀን። ለአሸናፊው አንድ ደርዘን ደብተርና እስክሪብቶ ገዛን፤ ለሌሎቹ ምንም አልገዛንም። ለመጨረሻው ጨዋታ የቀረቡት ሁለት ልጆች ቤተሰቦቻቸው በእርሻ ድንበር የሚካሰሱ ነበሩ። ይህን እናውቅ ነበር። እንዲያውም «ጨዋታው ያስታርቃቸዋል» እየተባባልን ደስ ብሎን ነበር። ጨዋታው ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ የአንደኛው ልጅ ሠራዊት አልቆ ንጉሡ ብቻውን ቀረ። ከበው የሚያዩት ልጆች «ተበላ! ተበላ!» እያሉ ጮኹ። አሸናፊው ልጅ በፍጥነት መጨረስ ሲችል ንጉሡን ከጥግ ወደ ጥግ እያባረረ ይስቅበት ጀመር። ከእኛም መካከል አብሮ የሳቀ ነበረ።

ተሸናፊው ልጅ ገበታውን በእግሩ መታው። ቀጥሎ ዱላውን አነሣ። እኛ ከተቀመጥንበት እስክንነሣ ድረስ የሌላው ግንባር ተፈንክቶ ደሙ በገለባው ላይ ይወርድ ነበር። በነጠላ ጠምጥመን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ አምስት ቦታ ተሰፋ። በዚያው ምሽት መምሬና ሁለት ሽማግሌዎች በሁለቱም ቤት ተመላልሰው ባያበርዱት ኖሮ ነገሩ ከልጆች ወደ አባቶች ይሻገር ነበር።

በማግስቱ መምሬ አስጠሩን። ይቆጡናል ብለን ነበር፤ አልተቆጡም። «ልጆቼ፣» አሉን፣ «ያ ልጅ እንዲህ ማድረግን ከእናንተ ተማረው ወይስ ድሮም ያውቀው ነበር?» እኛም በፍጥነት፣ «ድሮም ያውቀው ነበር አባታችን» አልን። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ድሮ የሚያውቀው ከሆነ እናንተ ምን ጨመራችሁለት?» አሉን።

ለሦስት እሑዶች ጨዋታውን አቆምን። በመጀመሪያ ራሳችንን ስንከላከል ሰነበትን። አንዳችን ጥፋቱ የልጁ ነው አለ፤ ሌላችን የወላጆቹ ጠብ ነው አለ። በኋላ ግን በጸሎት ሰዓት ተሰብስበን ሳለ እውነቱን መነጋገር ጀመርን። ደብተሩን ለአንድ ልጅ ብቻ የገዛነው እኛ ነን። ጩኸቱን ያላስቆምነው እኛ ነን። ማሸነፍን አስተማርን እንጂ መሸነፍን አላስተማርንም። በገለባው ላይ ሰውነታቸው እንዲወድቅ አለማመድናቸው፤ በሰው ፊት ልባቸው ሲወድቅ ምን እንደሚያደርጉ ግን አላሳየናቸውም። ስለ ሰንጠረዥ ታሪክ ስናወራ «ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም» ብለን ነበር፤ ያ ንጉሥ በዐይናችን ፊት ሲባረር ግን ዝም አልን።

ከዚህ በኋላ ሌሎች በዚህ መንገድ እንዴት እንደ ሄዱ መጠየቅ ያዝን። በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ካትዌ የሚባል የድኾች ሰፈር አለ። በዚያ ሮበርት ካቴንዴ የተባለ ሰው በአንድ ክርስቲያናዊ ድርጅት ሥር ሕፃናትን እግር ኳስ ያጫውት ነበር። ከሜዳው ዳር ቆመው የሚያዩ፣ ኳሱን የማይጫወቱ ልጆች መኖራቸውን ሲያይ በ2004 እ.ኤ.አ. ለእነርሱ ቼዝ አመጣላቸው፤ ገንፎም ያበላቸው ነበር። ከቤተሰቧ ድኽነት የተነሣ ትምህርቷን ያቋረጠች ፊዮና ሙቴሲ የምትባል ልጅ ወንድሟን ተከትላ ወደዚያ መጣች። በ2012 እ.ኤ.አ. በኢስታንቡል በተደረገው የቼዝ ኦሊምፒያድ ተካፍላ የሴቶች ዕጩ ማስተር ለሚባለው ማዕርግ በቃች። ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚያደንቁት ስለ ማዕርጉ ነው። እኛን ግን የነካን ሜዳው ዳር የቆሙትን ያየው ዐይንና ያቺ ገንፎ ናት። ካቴንዴ የጀመረው ከአሸናፊዎች አይደለም፤ ከዳር ከቆሙት ነው። እኛም ከካቡ ላይ ጀምረን ነበር፤ መካከል ላይ ግን ረሳነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከራሳችን ከመንዝ ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ አገራችን መጥተው የመንዝን ኑሮ አጥንተዋል፤ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፋቸውንም በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ኢትዮጵያውያን ወዳጆቻቸው ሊበን ይሏቸው ነበር። እኒህ ሰው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ አይኪዶ ተምረው ራሳቸው የአይኪዶ መምህር ሆኑ። ትምህርቱን ከልምምድ አዳራሽ አውጥቶ ሰው ከሰው ጋር በሚኖርበት ኑሮ ላይ የሚያውል ማኅበርም መሠረቱ። ያም ማኅበር በሐዋሳ ወጣቶች ለአቻዎቻቸው ስለ ኤድስ በቲያትርና በሰርከስ የሚያስተምሩበትን የወጣቶች ማዕከል ሲረዳ አይኪዶ በዚያ ተተከለ። ሊበን በ2015 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። የጦረኛነትን ክብር በደጋው ሰው መካከል ያጠኑ ምሁር በስተ መጨረሻ ለኢትዮጵያ ወጣት ካመጡለት ነገር አንዱ ሳይጎዱ መቋቋምን የሚያስተምር ጥበብ መሆኑ እኛን የመንዝና የግሼ ልጆች ሊያሳስበን ይገባል። አባቶቻችን ጀግኖች ነበሩ እያልን እንኮራለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጀግንነትን ዱላ ከማንሣት ጋር ብቻ ያያዝነው እንደሆነ ልጆቻችን የሚወርሱት ዱላውን ብቻ ነው።

ይህን ለመማር ወደ ውጭ አገር ብቻ ማየት ደግሞ አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም አለልን። አስቀድሞ የወንበዴዎች አለቃ የነበረ፣ ጉልበቱ የሚያስፈራ ሰው ነበረ። ከመነኮሰ በኋላ አራት ወንበዴዎች ማን መሆኑን ሳያውቁ በበዓቱ ገቡበት። እርሱም አራቱንም አሸንፎ አሠራቸው፤ እንደ ገለባ ጆንያም ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ፣ «እኔ ሰው ልጎዳ አይገባኝም፤ እነዚህን ምን ላድርጋቸው?» ብሎ አባቶችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም ያ የታወቀው ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ ንስሓ ገቡ። ተመልከቱ፤ ጉልበቱ አልጠፋም፤ አራት ሰው ተሸክሟል። የተለወጠው ጉልበቱ የሚያደርሰው ቦታ ነው። ድሮ ወደ ዘረፋ ያደርሰው ነበር፤ አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን አደረሰው። ምሳሌ ምዕራፍ 16 ቁጥር 32 መንፈሱን የሚገዛ ሰው ከተማ ከሚይዝ እንደሚበልጥ የሚነግረን ይህንኑ ነው። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጴጥሮስ ሰይፉን በመዘዘ ጊዜ ወደ ሰገባው እንዲመልሰው አዘዘው፤ የተቈረጠውንም ጆሮ ፈወሰ።

በአራተኛው እሑድ ገበታውን ይዘን እንደገና ወጣን። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ልጆቹን ይቅርታ መጠየቅ ነው። ከዚያም አዲስ ሥርዓት ሠራን። ሽልማቱን አስቀረን፤ በዚያ ገንዘብ ቆሎና ሻይ ተገዝቶ ሁሉም አብሮ የሚቀምሰው ሆነ። ጨዋታው ሲያልቅ አስቀድሞ የሚናገረው ተሸናፊው ነው፤ ከባላጋራው ጨዋታ መልካም ሆኖ ያገኘውን አንድ ነገር ይናገራል። አሸናፊው ደግሞ የወደቁትን ቆርኪዎች ሁሉ፣ የባልንጀራውንም ጭምር፣ በየቤታቸው መልሶ ይደረድራል። በትግሉም ጥሎ የቆመ እጁን ሰጥቶ የጣለውን ያነሣል። ከሁሉ በላይ የአባቶቻችንን ሥርዓት መለስነው፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ሕፃናቱ ይህችን ቃል ወደ መስክ ይዘዋት ሄዱ። አንዱ ሲያለቅስና ሌሎቹ ሲስቁበት፣ «ተዉት፣ ብቻውን ቀርቷል!» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር።

በሚቀጥለው ክረምት እኅቶቻችንም መጡ። በመጀመሪያው ዓመት እነርሱን ለመጥራት እንኳ አላሰብንም ነበር፤ ይህም ሌላው ጥፋታችን ነው። አንዲት ልጅ እንዝርቷን በጉያዋ ሸጉጣ ለብዙ ጊዜ ቆማ ስታይ ከቆየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ እኔም ልሞክር?» አለች። እኛ በዩኒቨርሲቲ ተምረናል የምንለው ሰዎች በዚያ ቀን በሦስት ጨዋታ ሁለቱን ተሸንፈንላታል፤ በሥርዓታችንም መሠረት ከእርሷ ጨዋታ መልካም የሆነውን ተናግረናል።

ያ ዱላ ያነሣው ልጅስ? በዚያው ክረምት ለብቻችን ሆነን ስንጨዋወት ራሱ አነሣው። የእነዚያ የባላጋራዎቻቸው በጎች ከገብሳቸው ገብተው ነበር። «ዱላውን አንሥቼ ነበር ጋሼ፣» አለን መሬት መሬት እያየ። «ግን ይህን ብሠራ እነርሱ ምን ይሠራሉ ብዬ አሰብሁ።» ከዚያስ ስንለው፣ «በጎቹን አስወጥቼ እስከ በራቸው ነዳሁላቸው፤ ምንም አልተናገርሁም» አለ። ነገሩ ይኸው ነው። ዱላውን አልጣለም፤ እረኛ ነውና ዱላ ያስፈልገዋል። እጁን ግን ገታው።

ወገኖቻችን፤ ከዚህ አልፈን የምንኩራራበት ነገር እንደሌለን ልንነግራችሁ ይገባል። የሁለቱ ቤተሰብ ክርክር ዛሬም አላለቀም። ግንባሩ የተፈነከተው ልጅ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል፤ የካርቶን ገበታችን ሊያስቀረው አልቻለም። ጨዋታ እንጀራ አይሆንም፤ የተዘጋ ትምህርት ቤትም አይከፍትም። ሰንጠረዥና ትግል ከጸሎትና ከቅዱስ ቍርባን ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። በር ናቸው። በሩን ከፍተን ልጁን ካላስገባነው፣ ካስገባነውም በኋላ በፍቅር ካልያዝነው፣ በር ብቻውን ቤት አይሆንም።

ስለሆነም በየአጥቢያው ላላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ከካባችሁ ውጭ ማን እንደተቀመጠ ተመልከቱ፤ ግቡ ከማለታችሁ በፊት ውጡ። ሁለተኛ፣ ለታናናሾቻችሁ ስታስተምሩ ከማሸነፍ አስቀድማችሁ መሸነፍን አስተምሩ፤ ማሸነፍን ዓለም ታስተምራቸዋለችና። ሦስተኛ፣ ልጅ ሲያጠፋ «ድሮም ያውቀው ነበር» ለማለት አትቸኩሉ። መምሬ የጠየቁንን ራሳችሁን ጠይቁ፤ እኛ ምን ጨመርንለት?

ለመምሬም መልሳችን ይህ ነው። አባታችን፤ ያን ጊዜ የጨመርንለት ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን በዱላውና በሰው ራስ መካከል አንዲት ትንሽ ጊዜ፣ አንዲት የማሰቢያ ጊዜ ለመጨመር እየደከምን ነው። ቃየል በሜዳ ያጣት ያችን ጊዜ ነው። ዳዊት በዋሻው ውስጥ ሳኦል በእጁ ወድቆ ሳለ ያገኛትም ያችን ጊዜ ነው።

እጆቹን በመስቀል ላይ ስለ እኛ የዘረጋ ጌታ የእኛንና የታናናሾቻችንን እጅ ከክፉ ይግታልን፤ ለበጎ ሥራም ይዘርጋልን። ለአገራችን ሰላምን፣ ለወጣቱ ማስተዋልን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።